ከኢስታንቡል እስክትመለስ

መሬት የማይታይበት ቪዲዮ ነበር የሚፈለገው።

ሁዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የስልኳን ጋለሪ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች። ሁዜይፋ ዶሮ ሲያባርር፤ አይሆንም፣ ከኋላው ያለው ግቢ ደረቅ አፈር ነው። ሁዜይፋ ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ ሲስቅ፤ ይሄም አይሆንም፣ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ውጪ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በዚያ ሳምንት መካነ ሰላም ውስጥ ጭቃ ያልነካው ነገር ቢኖር የሰው አናት ብቻ ነበር፤ እሱም ተንሸራቶ ያልወደቀ ሰው አናት።

«ሁዲዬ፣ ዛሬስ ልጄ ምን አለ?» ይላል ቅድም የገባው የእህቷ የፈርሂያ ቮይስ። ከድምፅዋ ኋላ የመኪና ጥሩምባ፣ የባሕር ወፍ ጩኸትና ሁዳ የማታውቀው ቋንቋ ይሰማል። «እኛ ዛሬ በመርከብ ልንሻገር ነው። ፋሪስን ጃኬት አልብሼ ልጨርስና ፎቶ እልክልሻለሁ። አንቺም ላኪልኝ፣ እሺ? የትናንቱ አጭር ነው።»

በመጨረሻ አንድ አገኘች። ቤት ውስጥ የተቀረፀ ነው። ሁዜይፋ በአንድ እጁ ዳቦ ይዞ፣ በሬዲዮ ዘፈን ትከሻውን ሊነቀንቅ ሲሞክር ዳቦው ያመልጠውና ሊያነሳ ጎንበስ ሲል በቂጡ ቁጭ ይላል። ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ላከችው።

«ማሻአላህ» የሚል ጽሑፍ መጣ ወዲያው። «ወፈረብኝ እንዴ?»

«አዎ ወፍሯል» ብላ ጻፈች ሁዳ።

ሁዜይፋ ከሞተ ዐሥራ ስድስተኛ ቀኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርሂያ ሪያድ ለሥራ የሄደችው ልጇ በዳዴ ሲል ነው። አባትየው ከዚያ በፊት «ሥራ ፈልጌ ልምጣ» ብሎ ወጥቶ፣ እስከ ዛሬ እየፈለገ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ልጁ ከአያቱና ከዐሥራ አራት ዓመቷ አክስቱ ከሁዳ ጋር ቀረ። እናቱን የሚያውቃት በስልክ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የማንም ስልክ ይሁን፣ «እማ» ይላል። አንዴ ለሰላምታ የመጡ ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ስልክ ሲጮህ ሮጦ ሄዶ ኪሳቸውን ስሟል።

ፈርሂያም በበኩሏ እዚያ የምታሳድገው ልጅ አላት። ፋሪስ ይባላል፤ የአሠሪዎቿ ልጅ ነው፤ ከሁዜይፋ ጋር የተወለዱት በአንድ ወር ውስጥ ነው። ዘንድሮ ቤተሰቡ የሪያድን ሙቀት ሽሽት ለአምስት ሳምንት ኢስታንቡል ሽርሽር ሲሄድ፣ ፋሪስ ያለ ፈርሂያ አይበላም አይተኛምና እሷም ተከተለች።

የመጀመሪያው ፎቶ የደረሰ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ አየው። ፈርሂያ ከአንድ ትልቅ መስጊድ ፊት፣ ርግብ በዙሪያዋ፣ የሕፃን ጋሪ ይዛ፣ የማዳሟን ጥቁር መነጽር አድርጋ።

«ፏ ብላለች አቦ» አለች የሁዳ ጓደኛ እሌኒ።

ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት እትዬ ብርሀንነሽ ግን ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ጋሪውን ሲያዩ ቆዩ። ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ ሽርሽር ማለት እንስራ አዝሎ እንደ መጨፈር ነው አሉና ስልኩን መለሱ።

አልተሳሳቱም። ፈርሂያ ለሁዳ በምትልከው ቮይስ ከተማው ሌላ መልክ ነበረው። ዳገቱና ቁልቁለቱ ከእነሱ አገር ከቦረና ወደ ዓባይ እንደ መውረድ ነው፤ ልዩነቱ ድንጋይ የተነጠፈበት መሆኑና ጋሪ እየገፉ መውጣቱ ነው። ፋሪስ ትራም ውስጥ ጫማውን አውልቆ ይጥላል። ምግብ ቤት ውስጥ ማንኪያ ይወረውራል። ሌሊት ቤታችን እንሂድ እያለ ያለቅሳል። ማዳምና ባሏ ማማ ላይ ወጥተው ከተማውን ሲያዩ፣ እሷ ከታች ጋሪውን ወዲህና ወዲያ እየገፋች ታስተኛዋለች። ማዳም ክፉ አይደለችም፤ አይስክሬም ስትገዛ ለእሷም ትገዛለች፤ ግን ፋሪስ የራሱን ጨርሶ የእሷንም ይቀማታል።

«ሰዉ ሁሉ የኔ ልጅ ይመስለዋል» ብላ ነበር አንድ ቀን። «እኔም አንዳንዴ ሳላስበው ሁዜይፋ ብዬ እጠራዋለሁ። ትናንት ማዳም ሰማችኝ። ዝም አለች።»

ሽርሽሩ በተጀመረ በሳምንቱ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሁዜይፋን ሳል ያዘው። ፈርሂያ ሳሉን በቪዲዮ ሰምታ ጠይቃለች። ሁዳም «ብርድ ነው እቴ፣ ነገ ይተወዋል» ብላ መልሳለች። ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ትኩሳቱ ጨመረና ሐኪም ቤት ገባ። ሳንባው ነው ተባለ፤ ያላቸውን ሁሉ አደረጉለት፤ ደሴ ይሂድ ሲባል ደግሞ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ነበር። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበረ። ሁዳ ያቺን «ነገ ይተወዋል» የምትለዋን ጽሑፏን ከስልኩ አጥፍታታለች። ከራሷ ግን እንዴት እንደምታጠፋት አላወቀችም።

እነሁዳ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ሼህ ጀብሪል ናቸው፤ መርዶ ሲነግሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። ፈርሂያ ባለችበት ከተማ አንድም የአገር ሰው የላትም። ሪያድ ግን ሐረግ የምትባል የሰፈራቸው ልጅ አለች፤ የቦረና ሴቶች ዓርብ ዓርብ እሷ ቤት ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ተወሰነ፤ ፈርሂያ ከኢስታንቡል ስትመለስ ሐረግ ሴቶቹን ሰብስባ ታረዳታለች፤ እስከዚያ ዝም።

ለሽማግሌዎቹ ቀላል ነበር። የድሮ ዝምታ ደብዳቤ አለመጻፍ ነው። የዛሬ ዝምታ ግን በየቀኑ ቪዲዮ መላክ ይጠይቃል፤ በቤቱ ውስጥ ቪዲዮ የሚልክ ስልክ ያላት ደግሞ ሁዳ ብቻ ናት።

ስልኳ ላይ ያልተላኩ ሃያ ሦስት ቪዲዮዎች ነበሯት። አሁን ሰባት ቀርተዋል። ከሰባቱ አራቱ ደረቅ ግቢ ውስጥ የተቀረፁ ናቸው።

ደረቁን ግቢ አንዴ ሞክራዋለች። ከሳምንት በፊት ቸኩላ አንዱን ላከችና ፈርሂያ ወዲያው ያዘቻት፤ ሐምሌ አይደለም እንዴ፣ አቧራው ከየት መጣ? ሁዳ ሳታስብ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል እቴ» ብላ ጻፈች።

ይቺ አንዲት ቃል የሠራችውን ሥራ ማን ገመተ። ፈርሂያ ደንግጣ ሪያድ ላሉት የቦረና ሴቶች ጻፈች። ሴቶቹም እየደወሉ ቤተሰቦቻቸውን ዝናብ ጠፋ ወይ እያሉ ጠየቁ። ጎረቤታቸው የአሕመድኑር እናት ጭቃ ውስጥ ቆመው ነው አሉ ስልኩን ያነሱት፤ ልጄ፣ የጠፋው ዝናቡ ሳይሆን አንድ እግር ጫማዬ ነው፣ እየፈለግሁት ነው ብለው ዘጉ። ይህ ሳይሰማ ግን የሪያድ ሴቶች ተሰብስበው ለዝናብ ዱአ አድርገዋል። በማግስቱ መካነ ሰላም ላይ በረዶ ጣለ።

«ነቄ ማለቷ አይቀርም ሁዲ» አለች እሌኒ ይሄን ሁሉ ሰምታ። «እህትሽ ፋራ አይደለችም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

እሌኒ ጥሩ ጓደኛ ናት፤ ጥሩ ጓደኛ ደግሞ አንዳንዴ ክፉ ሐሳብ ያመጣል። የሁለት ዓመት ወንድም አላት። የሁዜይፋን ሹራብ እናልብሰውና ከጀርባው ቅረጪው አለች፤ ፊቱን ካላሳየሽ ማን ያውቃል፣ አሥር ቪዲዮ በአንድ ቀን ይወጣዋል።

ሁዳ እምቢ ማለት ነበረባት። አላለችም። በማግስቱ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል እሌኒ ልጁን አምጥታ ግቢ አቆመችው። ሁዳ ሳጥኑን ከፍታ ቀዩን ሹራብ አወጣች፤ እያለበሰችው ልጁ ኮሰኮሰኝ ብሎ ተነጫነጨ። ኮፍያውን ደፋችለት። ከዚያ ወደ ጀርባው ዞራ ስልኳን አነሳች።

እናቷ ከቀብሩ ወዲህ ከጓዳ እምብዛም አትወጣም ነበር። ያን ጊዜ ግን በሩ ተከፈተ። ሁዳ ዞር ስትል እናቷ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ባዶ እግሯን ጭቃው ውስጥ ሦስት እርምጃ ያህል ገብታለች። ልጁ ዞሮ አያት። እናቷ ቆመች። ቀስ ብላ እጇን አወረደች፤ ነጠላዋን ከጭቃው አነሳች፤ ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሁዳ ሹራቡን አወለቀችለት። እሌኒ ወንድሟን አዝላ ስትወጣ «ይቅርታ» አለች ከበሩ ላይ፤ ለማን እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም።

የዚያን ቀን ሊመሽ ሲል ሼህ ጀብሪል መጡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ጭቃቸውን በድንጋይ ላይ ጠርገው ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቷን እንደምን ዋልሽ ካሉ በኋላ ወደ ሁዳ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዝናባችንን ምን አደረግሽው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁዳ ትስቅ ነበር። አሁን ስልኳን ብቻ አነሳች። ሼሁ ከመምጣታቸው በፊት የገባ ቮይስ ነበር፤ ሦስቴ ሰምታዋለች። ለሁለቱም ከፈተችላቸው።

«ሁዲ፣ ማዳም ዛሬ አነጋገረችኝ» አለ የፈርሂያ ድምፅ። «ውሌን ለሁለት ዓመት አድሺ ትላለች። ወረቀቱን ባሏ ሆቴል አሳትሞታል፤ ነገ ማታ እንፈራረማለን። ነሐሴ መምጣቴ ቀረ ማለት ነው። ግን ሁዜይፋን ደሴ ጥሩ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ አይደል? እሱም እስከዚያ አፉን ይፈታል። ለእማ ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ እንዳታዝንብኝ።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ለማን ብላ ነው የምትፈርመው?» አለች ሁዳ።

«ቀደር ነው ልጄ፤ አላህ የጻፈው ነው።»

«ሪያድ ስትመለስ ፈርማ ጨርሳለች ሼሁ። ቢነገራትም እንኳ መምጣት አትችልም።»

ሽማግሌው ሲናገሩ ድምፃቸው ያ ዝናቡን የጠየቀው ድምፅ አልነበረም። «ከዐሥር ዓመት በፊት አንዲት ሴት አረዳሁ። ባሏ ነው የሞተው። ነገ ማለዳ ማለት ሲገባኝ ቸኮልሁ፤ ገበያ መሐል አግኝቼ ነገርኳት። ሮጠች። ሦስት ቀን ፈለግናት። እንዴት እንዳገኘናት ላንቺ አልነግርሽም።» ደግሞም፣ «ያቺስ በገዛ አገሯ ነው የሮጠችው» አሉ።

ሁዳ እናቷን አየቻት።

«ሼሁ እንዳሉሽ» አለች እናቷ ከግድግዳው ሳትዞር።

በማግስቱ ማለዳ ከተማው ጉም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከግቢው በር ወዲያ ያለው ሁሉ ጠፍቷል፤ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ባጃጁ አይታይም። ሁዳ ከቀሩት ቪዲዮዎች የትኛውን ዛሬ እንደምትልክ እያሰበች ልብስ ስታጥብ፣ አራት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። ኢሞ ነው፤ የቪዲዮ ጥሪ።

እስከ ዛሬ ስታመልጥ ቆይታለች። ኔትወርክ የለም፣ ባትሪ አልቋል፣ ሱቅ ነኝ። መቼም የመካነ ሰላም ኔትወርክ ባለውለታዋ ነው፤ ሲጠፋ የሚጠራጠር የለም። ዛሬ ግን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አነሳችው። ለምን እንዳነሳችው እሷም ያወቀችው በኋላ ነው።

ፈርሂያ ባሕር ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ውሃው ሰማያዊ ነው፤ መርከብ ያልፋል፤ ነጫጭ ወፎች ይንጫጫሉ። ፋሪስ ጭኗ ላይ ሆኖ ሰሊጥ የነሰነሱበት ክብ ዳቦ እየቦጨቀ ይጥልላቸዋል። ፈርሂያ ከስታለች። ሻሿ ሥር ያለውን ግንባሯን ፀሐይ አጥቁሮታል።

«ወይኔ ሁዲ፣ ስታድጊ» አለች እየሳቀች። «ፊትሽን ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ማዳምና ባሏ ገበያ ገቡ፤ ስድስት ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ እንገናኛለን። ፋሪስ፣ ሁዳን ሰላም በላት። እሷ ናት እኮ ያቺ የምነግርህ።»

ፋሪስ ዳቦውን ወደ ስልኩ ዘረጋ።

«ሁዜይፋስ?»

«ተኝቷል።»

«አራት ሰዓት ላይ? አሞታል እንዴ?»

«አላመመውም።»

«ቀስቅሺዋ። ዛሬ ማታ ልፈርም ነው፣ አንዴ ዓይኑን አይቼው ልፈርም። ቢያለቅስም ግድ የለም።» ፋሪስ የሻሿን ጫፍ ሲጎትተው እጁን በቀስታ አላቀቀችው። «ሁዲ?»

ሁዳ የሼሁን ሴት አሰበቻት፤ ገበያ መሐል ያቺ ሮጣ የጠፋችውን። ከፈርሂያ ኋላ ባሕሩን አየች። ለመናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እቴ፣ አትፈርሚ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አትፈርሚ።»

«ምን ሆነሻል ልጅቷ? ለራሴ ነው እንዴ የምፈርመው?»

ሁዳ ዝም አለች። ልብሱ ከነሳሙናው ማጠቢያ ገበታው ላይ ተቀምጧል። ከስልኩ ወዲያም ዝምታው ሲረዝም የፈርሂያ ሳቅ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት። መርዶ ከቃሉ በፊት በምን እንደሚመጣ ታውቀዋለች፤ ሰው መልስ ሲያጥረው፣ የሚያውቀውን ሰው ዓይን ሲሸሽ።

«እማ ናት?» አለች።

ሁዳ መዋሸት ትችል ነበር። እማ አሟታል፣ ነይ ብትላት ፈርሂያ ሳትፈርም ትመጣለች። ሐሳቡ እንደ መብረቅ በአእምሮዋ አለፈ፤ ትንሽ ጊዜ ብታገኝ ኖሮ ትለው ነበር። እናቷ ግን በዚያው ቅጽበት ከጓዳ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ የልጇን ድምፅ ሰምታ ነው የወጣችው። ሁዳ ስልኩን ቀስ አድርጋ ወደ እናቷ አዞረችው።

እናቷና ፈርሂያ ተያዩ።

እናቷ አላለቀሰችም። አልሸሸችምም። ነጠላዋ ወገቧ ላይ እንደ ለቀስተኛ ተቋጥሯል። የወፎቹ ጩኸት ብቻ ከስልኩ ይወጣል። ፋሪስ በዐረብኛ የሆነ ነገር ጠየቀ፤ ፈርሂያ አልመለሰችለትም። ደግሞ ጠየቀ።

ሁዳ ስልኩን ወደ ራሷ ስትመልሰው ፈርሂያ ቆማ ነበር። ልጁን ጋሪው ላይ እያስቀመጠች ነው። ማሰሪያውን በደረቱ አሳልፋ ቆለፈችው። ሳብ አድርጋ አየችው። ፈትታ እንደ ገና ቆለፈችው።

«እቴ» አለች ሁዳ። «ልጁን መጀመሪያ ለእናቱ ስጪያት። ከዚያ ክፍልሽ ግቢና ደውይልኝ። ብቻሽን አትሂጂ የትም። እኔ ስልኩን ይዤ ነው የምጠብቅሽ።»

ፈርሂያ ስልኩን አላየችም። ጎንበስ ብላ የወደቀውን የፋሪስን ዳቦ አነሳች፤ አቧራውን አራገፈች፤ ምን እንደምታደርገው እንዳልገባት ሁሉ ይዛው ቆየች።

«ስድስት ሰዓት ነው ያሉት» አለች፤ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው። «ስድስት ሰዓት እሰጣታለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈርሂያ በዚያ ከተማ የሰው ልጅ ትገፋለች፤ ትሮጥ እንደሆነ፣ ትቀመጥ እንደሆነ፣ መኪና መጣ አልመጣ ብላ ታይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሁዳ ስህተት ሠርታ ይሆናል። ሼሁ ልክ ይሆናሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት መሆን እንደሚችሉ እስከ ዛሬ ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ጥያቄ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር።

እናቷ ገበታው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሁዳ የተወችውን ልብስ ማሸት ጀመረች።

«ሂጂ» አለች ቀና ሳትል። «ሰው ጥሪ።»

የሼህ ጀብሪል ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ሁዳ ጉሙን ሰንጥቃ ስትደርስ ሼሁ በረንዳቸው ሥር ቆመው ጎርፉ ወደ ቤት እንዳይገባ በአካፋ ቦይ እያበጁ ነበር። ፊቷን ሲያዩ አካፋውን አቆሙ።

«አልነገርኳትም» አለች ሁዳ እያለከለከች። «ግን እማን አሳየኋት።»

ሽማግሌው ገባቸው። ሁዳ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣው ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«ሲነገራት ሰው ሊኖር ይገባል ብለዋል» አለች። «እዚያ ከሌላት እዚህ ይኑር። ስትደውል ስልኩ ላይ ሁላችሁንም ትያችሁ። እርስዎ ባይመጡም እኔ እነግራታለሁ።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትደውለው?»

«ስድስት ሰዓት። ከደወለች።»

ሼህ ጀብሪል የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ከዚያ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በጉልበታቸው ላይ ያለውን ጭቃ በእጃቸው እየጠረጉ፣ ንጹሕ ልብስ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሁዳ እስኪወጡ አልጠበቀችም። ቀጥሎ የእትዬ ብርሀንነሽ በር ነበር፤ ከዚያ የአሕመድኑር እናት፤ ከዚያ የእነእሌኒ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ስልኩን ከቀሚሷ ሥር ደረቷ ላይ ይዛ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ፣ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች።